የሰሊጥ አጨዳና የምርምር ብር

በገለጉና በመተማ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ማደሪያው ሜዳ ነው። በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬትና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትነድፈዋለች፤ ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚይዘው እንዲህ ነው። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ካልታከመም ይገድላል።

ሕክምናው ለዓመታት በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ነበር፤ አንደኛው ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከሱዳንና ከኡጋንዳ ተመራማሪዎች ጋር የሠራው ጥናት ግን ይህን መርፌ በሚዋጥ ሚልቴፎሲን ተክቶ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን አወረደው። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2023 ታተመ።

ማን ከፈለ? በአብዛኛው አውሮፓ። የመድኃኒት ኩባንያ የአጫጅ በሽታ አያጓጓውም፤ ገበያ የለውማ! የሚቀረው ወይ መንግሥት ነው ወይ ለጋሽ። በፈረንጆቹ 2008 ባማኮ ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮች አገሮች ከጤና ሚኒስቴር በጀታቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲመድቡ ጠይቀው ነበር። ከመቶ ብር ሁለት ብር መሆኑ ነው።

ኤችአይቪ የተደረበበት ታማሚ ግን ዛሬም ታክሞ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ካላዛሩ ያገረሽበታል። የእሱ ጥናት ገና ከፋይ ይፈልጋል።