«ጥቂት ሽፍታ» እየተባለ ያለቀ ጦር

(በግምጃ ቤት ለአርበኞች ልጆችና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ጦርነት ስናወራ አድዋና ማይጨው ላይ እንሮጣለን። የደጃችንን ማን ይናገረው? እንጅባራና ዳንግላ እኮ የጣልያን ምሽግ ነበረባቸው።

በ1930 ዓ.ም. ጎጃም «መሣሪያ ፍታ» ሲባል ሸፈተ። ጣልያን አርበኛውን «ሽፍታ ነው» አለ። ስም ካወጣለት በኋላ ማሰብ አቆመ። መንገድ ዳር ምሽግ ይሠራል፤ ከምሽጉ ወጥቶ መንደር ያቃጥላል፤ ተመልሶ ይገባል። አርበኛው ሲመጡበት ገለል ይላል፤ ሲመለሱ ይከተላቸዋል። ዘዴው በመጀመሪያው ዓመት አልሠራም፤ በሁለተኛውም አልሠራም። ጣልያን ታዲያ ምን አደረገ? ምሽጉን አበዛ! በዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ ገጠሩን እንደያዙ ኖሩ።

ከምሽግ የማይወጣ ጦር ደግሞ ማን እንደሚመጣበት አያውቅም። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት «ጌድዮን» ያለውን ጦር ይዞ ከሱዳን ገባ። አንድ የሱዳን፣ አንድ የኢትዮጵያ ባታሊዮን ነው፤ ስንቁ በግመል ይጫናል፤ ግመሉም በየመንገዱ ያልቃል። ያ አርበኛን ሲንቅ የኖረ ጦር አሁን ትልቅ ሠራዊት የመጣበት መሰለው። በየካቲት የዳንግላው ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ ሸሸ። ብዙ ሳይቆይ ቡሬም ተለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ የሸሸው በሺህ የሚቆጠር ጦር በግንቦት አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። አምስት ዓመት ሙሉ አሳንሶ አየ፤ በመጨረሻው ወር አግንኖ አየ። በትክክል ያየበት ቀን ግን የለም።

ይህ የፈረንጅ ሞኝነት ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ደርግ ሻዕቢያን «ወንበዴ» ሲል ኖረ። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋን ለመያዝ ስንት ልጅ አለቀ! ናቅፋ አልተያዘችም። በየካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ተረሸኑ። በወሩ ዕዙ አፍአበት ላይ በሦስት ቀን ፈረሰ። አፍአበትን ከዲየን ቢየን ፉ ጋር ያመሳሰሉ የውጭ ጸሐፊዎች አሉ። እዚያም በ1954 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች «ቬትናሞች ከባድ መድፍ ተራራ ላይ አያወጡም» ብለው ሸለቆ ውስጥ ተቀመጡ። ሰዎቹ በገመድ ጎትተው አወጡት። የፈረንሳይ መድፈኞች አዛዥ ራሱን ገደለ።

ከታሪኩ ሞት በኋላ «ጌታዬ፣ ይህ አያዋጣም» ብሎ አፉን የሚከፍት መኮንን ከየት ይምጣ? በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ተደመሰሰ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። በዓመቱ 12ቱ ተረሸኑ። ጦር መምራት የሚያውቀውን ሰው ጠላት አልገደለውም።

እንቀጥል እንዴ? ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መቀሌ ተያዘች፣ ዘመቻው አለቀ ተባለ። ሕወሓትም በነፋስ እንደ ተበተነ ዱቄት ተቆጠረ። ሰኔ 21 ቀን ሠራዊቱ መቀሌን ለቆ ወጣ። ሕወሓት በተራው ጠላቱ ያለቀለት መስሎት በ2014 ወደ ሸዋ ገሠገሠ፤ እሱም ተመለሰ። ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈራረሙ ጥቅምት 2015 ገባ። በመካከሉ ያለቀውን የድሃ ልጅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ድንኳን ያልተተከለበት ቀበሌ የት አለ?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስሙም ወዲያው ወጣ፤ «ጽንፈኛ»። በጫካ ያለውም ለወታደሩ የራሱ ስም አለው። እኔ ግን ስለ ስሙ አይደለም የምጠይቀው። ለሁለቱም አዛዦች ማታ ሪፖርት የሚያቀርበው ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው፣ ወይስ አለቃው ደስ የሚለውን? ያየውን የተናገረ ቀን ምን ይደረጋል?