የሳፋው ዙሪያ



በብዙ ቤት የቅዳሜ ጠዋት የሚጀምረው ሳፋ ዙሪያ ነው። የስምንት ሰው የሳምንት ልብስ የእናትን ወገብ ያጎብጣል፤ የእህትን እጅ ይልጣል። ማጠቢያ ማሽን መግዛት ለእነሱ ጉልበት መሳሳት ነው።

ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ የደረቅ ልብስ ክብደት ነው፤ ለትልቅ ቤተሰብ 9 ወይም 10 ኪሎ የሚይዘው ይሻላል። ትንሹን ማሽን በጋቢና በብርድ ልብስ ማጨቅ ኩሽኔታውን ቶሎ ያስበላዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን የሚሞላው ባለ ሁለት ገንዳ ከአውቶማቲኩ በተሻለ ያገለግላል። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የአውቶማቲኩ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ይጎዳልና ስታብላይዘር አይረሳ። ከሁሉ በፊት ግን የሰፈራችንን ጠጋኝ እንጠይቅ፤ የትኛው ማሽን ደጋግሞ እንደሚመጣበት፣ የየትኛው መለዋወጫ ገበያ ላይ እንደሚገኝ እሱ ያውቃል።

እስከዚያው፣ ዛሬ ሳፋው ላይ ያጎነበሰች ካለች፣ አንድ ባልዲ ውኃ እንቅዳላት፤ ጋቢውንም አብረናት እንጭመቅ።