የዓሣ ኩሬ ውሃ ይቀየር ወይስ አይቀየር?

ቢስቲማ በተካሄደው የአባላት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር



በጓሮ ዓሣ ስለማርባት መነጋገር ከጀመርን ወዲህ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ውሃውን በየጊዜው መቀየር ግዴታ ነው ወይ?» የሚል ነው። ውሃ የሚቀዳው በእኛው ጀርባ ስለሆነ መልሱ ከሥራው በፊት መታወቅ አለበት።

አንዳንዶቻችን «የሎጎ ሐይቅን ውሃ ማን ቀየረለት?» እንላለን። እውነት ነው፤ ሎጎ ከአርዲቦ የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተጨምሮበት እስከ ዛሬ ይጠመድበታል። ነገር ግን ሎጎ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ዓሣውም የሚበላው እዚያው የበቀለውን ነው። እኛ ግን ብዙ ዓሣ በጥቂት ውሃ ውስጥ አስገብተን በየቀኑ ከውጭ መኖ እንጥላለን።

ከመኖው የተረፈውና የዓሣው ኩስ በውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ደግነቱ በድንጋዩና በኩሬው ግድግዳ ላይ የሚኖሩ ለዓይን የማይታዩ ተህዋስያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በጣም ወደቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። የሚወስደው ተክል ከሌለ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል።

«የጎደለውን እየሞላን ብንቆይስ?» ለሚለው መልሱን ከማጀታችን እናገኘዋለን። ወጥ ምድጃ ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል እንጂ ጨው አይተንም። ኩሬም እንደዚሁ ነው። በፀሐይ የተነነውን መተካት የተጠራቀመውን ቆሻሻ አያወጣም፤ የሚወጣው ጥቂት ውሃ ሲቀዳና በአዲስ ሲተካ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉንም ደፍቶ፣ ግድግዳውን ፈትጎ አጥቦ እንደገና መሙላትም ጉዳት አለው። ቡሆ ስናነሳ እርሾ እንደምናስቀር፣ እነዚያን ጠቃሚ ተህዋስያንም ማስቀረት አለብን። የውሃው ሙቀትና ጠባይ በአንዴ ሲለወጥም ዓሣው ይደነግጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ልጆቻችን ሳሎን ለሚያስቀምጡት የመስታወት ገንዳ መልሱ «አዎ» ነው። 100 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ በየሳምንቱ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ቀድቶ መተካት ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በክሎሪን የታከመ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር ይገባል።

የጓሮ ኩሬ ግን በሳምንት ቆጠራ ሳይሆን በምልክት ነው የሚጠበቀው። በአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ አሞኒያውን ይበላለታል። ዓሣው ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ፣ ውሃው ከሸተተ፣ ወይም ክንዳችንን እስከ ክርን ስናጠልቅ መዳፋችን በአረንጓዴው ምክንያት ካልታየን መኖውን አቁመን አዲስ ውሃ እንጨምራለን። መኖ መቀነስ ምንም ጀሪካን የማያስፈልገው መፍትሔ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንየው። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 20,000 ሊትር ይይዛል። ይህ 1,000 ጀሪካን ነው። አንድ አስረኛውን መቀየር 100 ጀሪካን ይጠይቃል። ይህን ተሸክማ የምትችል ሴት የለችም፤ ብትችልም ትርፉ ከድካሟ በታች ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ውሃ በጀርባ በሚቀዳበት ቤት ኩሬ አይቆፈር። ኩሬ የሚቆፈረው የመስኖ ቦይ ወይም ምንጭ በሚደርስበት ቦታ፣ በቦዩና በአትክልቱ መካከል ይሁን። ለጎመንና ለሽንኩርት ይፈስ የነበረው ያው ውሃ መጀመሪያ በኩሬው አልፎ ናይትሬቱን ይዞ ወደ መደቡ ይወርዳል። ያን ጊዜ ውሃ መቀየር ማለት አትክልት ማጠጣት ይሆናል፤ ተጨማሪ ሸክም የለውም።

ለምታግዙን ወዳጆቻችንም የምንለው ይኸው ነው። የዓሣ ጫጩትና የኩሬ ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት ቦዩ ይቅደም። ቦይ የሌለው ኩሬ ለእኛ ሌላ እንስራ መሸከም ነው። ቦይ ካለ ግን ዓሣውንም ጎመኑንም አንድ ውሃ ያሳድጋቸዋል።