ሳይተኩስ የሚመለስ ጠመንጃ
ስለ መስክ አስጎብኚዎችና ስለ ዱር እንስሳት ጠባቂዎች የጠመንጃ አያያዝ ሥልጠና፣ ኮልፌ ቀራንዮ ላይ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ስለ ጠመንጃ አያያዝ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ይህ የተሰበሰብንበት ሠፈር ነው። ኮልፌ ዛሬ ገበያና መኖሪያ ቤት የሞላው አካባቢ ይሁን እንጂ፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ የተኩስ፣ የፈንጂና የረጅም ጉዞ ትምህርት የቀሰሙት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር። ስድስት ወር እንዲፈጅ የታሰበው ሥልጠና በጥቂት ሳምንታት ተቋርጦ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር አበርክተውላቸዋል። ያ ሽጉጥ በኋላ ጆሐንስበርግ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ተቀበረ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢፈለግም አልተገኘም።

ይህን ያነሣሁት ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። በኮልፌ ይሰጥ የነበረው ትምህርት የታጋይና የጸጥታ አስከባሪ ትምህርት ነው፤ ዓላማውም በጠላት ላይ መተኮስ ነው። የእኛ ሙያ ግን ጠላት የለውም። ከፊታችን ያለው እንስሳ ልንጠብቀው ኃላፊነት የወሰድንለት ነው፤ ከኋላችን የሚከተለው እንግዳም እንደዚሁ። ስለዚህ የወታደሩን ሥልጠና እንዳለ ገልብጠን ለመስክ ሠራተኛ ብንሰጠው፣ ግማሹ ሳያስፈልገው ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ግማሽ ደግሞ ሳይሰጠው ይቀራል።

ባህላችንም በዚህ ረገድ የራሱ ክብደት አለው። አባቶቻችን አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ የገደለውን ሰው ሲያወድሱ፣ በፉከራም ሲያስጠሩ ኖረዋል። ውጅግራውና ምንሽሩ የጌጥም የክብርም ዕቃዎች ነበሩ። ይህን ቅርስ መናቅ አይገባም። ነገር ግን የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተከለለ ወዲህ፣ የክብሩ መለኪያ ተገልብጧል። ዛሬ የተመሰገነ ስካውት የሚባለው ብዙ የገደለ ሳይሆን፣ እንግዳውንም ዋልያውንም በሰላም አኑሮ ከነሙሉ ጥይቱ ወደ ደባርቅ የሚመለሰው ነው።

በአገራችን ጠመንጃ ከጎብኚ ጋር የሚገናኝባቸው ዋና ዋና ሁኔታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ ፓርኮች እንግዳውን የሚያጅበው የታጠቀ ስካውት ነው። ሁለተኛው በቁጥጥር አደን ክልሎች፣ ለምሳሌ ደጋ አጋዘን በሚታደንባቸው የአርሲና የባሌ ደኖች፣ እንግዳውን የሚመራው ፈቃድ ያለው አዳኝና አብሮት የሚሄደው ጠባቂ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ትምህርት አንድ ነው።

በመላው ዓለም የታወቁት ደንቦች አራት ናቸው። ማንኛውንም ጠመንጃ ጥይት እንዳለበት ቍጠር። ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዙን አታዙር። ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ጣትህን ከቃታው አርቅ። ኢላማህን፣ ከኢላማህም በስተኋላ ያለውን ለይተህ እወቅ። እነዚህን አራቱን በቃል ማስጠናት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የእጅ ልማድ ማድረግ ግን ወራት ይጠይቃል። ሰው ሲደክም፣ ሲርበው ወይም ሲደነግጥ የሚታዘዘው ለልማዱ ነውና።

በደቡብ አፍሪካ የመስክ አስጎብኚዎች ጠመንጃውን ሳያዩ ማጉረስንና ማራገፍን፣ ያልፈነዳ ጥይት ሲያጋጥም ፈጥኖ ማውጣትን፣ ወደ እነርሱ የሚገሠግሥ የአንበሳ ወይም የጎሽ ምስል ላይ መተኮስንም ይለማመዳሉ። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል። ጎሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከቍጥቋጦ ቢወጣ፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ሁለት ሴኮንድ ያህል ነው። በጨበራ ጩርጩራ ወይም በኦሞ ጎሽ ባለበት ስፍራ በእግር እንግዳ የሚመራ ሰው የመቀርቀሪያውን ቦታ በዓይኑ ሊፈልግ ጊዜ የለውም።

የመሣሪያውም ዓይነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ጠባቂያችን የለመደው ክላሽንኮቭ ነው። ይህ መሣሪያ ለሰው የተሠራ ነው፤ ጥይቱ 8 ግራም ያህል ይመዝናል። ለትላልቅ አራዊት የተለመደው ሦስት መቶ ሰባ አምስት የሚባለው ጠመንጃ ጥይት ግን 19 ግራም ያህል ሲሆን፣ ኃይሉም የክላሹን ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ክላሽ የያዘ ሰው ጎሹን ከማስቆም ይልቅ አቍስሎ የባሰ ሊያስቈጣው ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው በመሣሪያው ሳይመካ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ዱካውንና የወፎቹን ድምፅ እየተከታተለ ከሩቁ ይመለሳል። መመለስን ማስተማር የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ነው።

አሁን ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ያልተናገርሁትን ልናገር። ቦታውንና መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም። አንድ ማምሻ ላይ ከመስክ ስንመለስ፣ አብሮን የነበረው ጠባቂ ከመኪና ሲወርድ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ ሳበው። ጥይት አጕርሶ ነበር፤ ቃታው በአንድ ነገር ተያዘና ባረቀ። ጥይቱ ጠባቂውን ስቶ፣ ድንኳን ለመትከል ጎንበስ ያለውን የካምፕ ሠራተኛ ጕልበቱን መታው። ወጣቱ ከሞት ተረፈ፤ ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳል። ጠባቂው ተቀጣ። ነገር ግን ያ ሰው በሰልፍ መሄድንና ኢላማ መምታትን እንጂ ከመኪና ከመውረዱ በፊት ጥይት ማውጣትን ማንም አላስተማረውም። «የጠመንጃ አያያዝ ሥልጠና ፈጽሟል» ተብሎ በተጻፈው ወረቀት ላይ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። ኢላማውን እንደ መታ አይቼ ፈረምሁ፤ እንዴት እንደሚወርድ አላየሁም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ የብቃት ፈተናችን ከኢላማው ሜዳ ይልቅ ከመኪናው በር፣ ከገደሉ አፋፍና ከድንኳኑ ደጃፍ ይጀምር። ሁለተኛ፣ ማንም አንድ ጊዜ ተፈትኖ ለዘለዓለም ብቁ አይባል፤ በየዓመቱ ይፈተን። ሦስተኛ፣ የባረቀ ጥይት ሁሉ፣ ጕዳት ባያደርስም፣ ያለ ኀፍረት ተመዝግቦ ለሌሎች ትምህርት ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ማን መሣሪያ እንደሚይዝ ይወስናል፤ በየቀኑ እንዴት እንደሚያዝ ግን የሙያው ባለቤቶች የእኛ ፈንታ ነው።

ጠመንጃውን አንግቶ ከሚመራን ሰው የምንጠብቀው፣ ሲመሽ ጥይቶቹን ቈጥሮ እንደ ጧቱ ሙሉ ሆነው ሲያገኛቸው ቀኑ እንደ ተሳካለት የሚያውቅ እንዲሆን ነው። እንግዲህ ከእንግዲህ ወዲያ በማንም ስም ላይ «ሠልጥኗል» ብለን ስንፈርም፣ ሲወርድ አይተን እንፈርም።