አዲሱ ጉበትና የደም ምስክርነት



የተተከለ ጉበት ጨርሶ ሥራ ካልጀመረ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌላ ካልተተካ በሽተኛው ይሞታል። ይህን አደጋ ቀድሞ የሚጠቁመው ደሙ ነው። ደምን የሚያረጉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በጉበት ነው፤ ከእነዚህም ሰባተኛው ፋክተር በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ አልቡሚን የተባለው ሌላው የጉበት ፕሮቲን ግን 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ የጉበቱ ድካም ቀድሞ የሚታየው ደሙ ለመርጋት በሚወስደው ጊዜ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ መመዘኛ መሠረት፣ ይህ ጊዜ ከመደበኛው ጋር የሚነጻጸርበት አይ.ኤን.አር. በ7ኛው ቀን 1.6 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ከድካሙ ምልክቶች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ በሽተኛው ፕላዝማ ከተሰጠው፣ ልኬቱ የሚመሰክረው ለተተከለው ጉበት ብቻ ሳይሆን ለደም ለጋሾቹም ጉበት ጭምር ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት የተሰጠው ፕላዝማ መጠንና ሰዓት ይመርመር።