አምባሰል በመድረክ ላይ፦ ስለ ማሪቱ ለገሠ ዜማና ስለ ግጥሙ ባለቤት



ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው መርሳንና ውርጌሳን አልፎ፣ የሀብሩን ምድር ወደ ኋላ ትቶ ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ገባ ማለት ነው። ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶቻችን አንዱ የዚህን አገር ስም ይዟል። ስለ አርቲስት ማሪቱ ለገሠ እንድናገር ስጠየቅ አስቀድሞ የታወሰኝ ይኸው መንገድ ነው።

ማሪቱ በደርግ ዘመን በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የታወቁ፣ በኋላም ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ የኖሩ ድምፃዊት ናቸው። የኪነት ቡድኖች ለቅስቀሳም ያገለግሉ ነበር። ቅስቀሳው ተረስቶ አምባሰሉ መቅረቱን እኔ በበኩሌ እንደ ፍርድ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ቅኝቱ ጥቂት ልበል። ንዑስ ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብለን ብንደረድር፣ ከሶል ተነሥተን እነዚያኑ ድምፆች ስንወጣ የምናገኘው አምባሰልን ነው። አምስቱ ድምፆች አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው። ከማረፊያው ቀጥሎ ያለችው ድምፅ በግማሽ እርከን ብቻ ትርቃለች። ማሪቱ ድምፃቸውን ሲያስረዝሙ የሚሰማን ናፍቆት ከዚህች ጠባብ ርቀት የሚፈልቅ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ዜማቸውን በኖታ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ድምፆቹን ጻፍሁ፤ ትንፋሹና መዘግየቱ ግን ከመስመሩ ውጭ ቀረ።

በመድረክ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በወሎ ሠርግና ድግስ አድማጭ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ለዘፋኙ ግጥም ያቀብላል። ዘፋኙ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲም ለከዋኝም መብት ይሰጣል። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሁለት ስንኝ ያቀበለው እንግዳ ግን ማን ይባላል? በካሴት ልባስ ላይ «ግጥም፦ ሕዝብ» ብለን እናልፈው ነበር። ለእኔ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የስንፍናችን መሸሸጊያ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት መርሳ አጠገብ በአንድ ሠርግ ላይ የቀዳሁት ካሴት አለኝ። አንዲት እናት ለአዝማሪው ግጥም ሲያቀብሉ፣ እርሱም ሲቀበል፣ ዳሱ በሙሉ ሲያጨበጭብ ይሰማል። የአዝማሪውን ስም፣ የማሲንቆውን ቅኝት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር መዝግቤአለሁ። የእናቲቱን ስም ግን አልጠየቅሁም።