የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ትከሻ

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ አልትራሳውንድ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው "ወንድ ነው ሴት?" ነው። የባለሙያዋን ድካም ማን አየው?

አቅራቢ 2፦ ቁጭ ብሎ መሥራት አይደል? ምኑ ያደክማል?

አቅራቢ 1፦ ክንዷን ዘርግታ፣ መሣሪያውን ሆድ ላይ ተጭና፣ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ ነው የምትውለው። የትከሻና የእጅ አንጓ ሕመም በሙያው የተለመደ ነው።

አቅራቢ 2፦ ለካ! ግን እንደ ኤክስሬይ ጨረር የለውም፤ እሱስ ጥሩ ነው።

አቅራቢ 1፦ ልክ ነሽ፣ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ጄል የሚቀባውም አየር ሞገዱን እንዳያግደው ነው።

አቅራቢ 2፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንዴ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይላል። ታዲያ ሁሉም ሲመጡ የባለሙያዋ ወረፋ እንዴት ይቀንስ?

አቅራቢ 1፦ ያ ሁሉ ሥራ ስላለባት ነው ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፣ በመሃልም እረፍት የሚያስፈልጋት።

አቅራቢ 2፦ እስማማለሁ። እኛም "ቶሎ በይ" አንበላት፤ በጥድፊያ ሕመም ሊያመልጥ ይችላል።